የመምህርታችን አርባ እየደረሰ ነው፤ የሕይወት ታሪካቸውን እንዴት እናዘጋጅ?

የካራ ልጆች (ጥያቄ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ኮተቤ ካራ አካባቢ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያስተማሩን መምህርት ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ዐርፈዋል። ጡረታ የወጡት በ2011 ነው። በሥራ ቀን መምህርት፣ በሰንበት ደግሞ በደብሩ ሰንበት ትምህርት ቤት የሕፃናት ክፍል አገልጋይ ነበሩ። ልጅ አልወለዱም፤ ያሉት ታናሽ እህታቸውና የእህታቸው ልጆች ናቸው።

በቀብሩ ዕለት የተነበበው የሕይወት ታሪክ በችኮላ የተጻፈ ግማሽ ገጽ ነው። «ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያላቸው» ይላል፤ ሥራቸው ግን የለበትም። የተቀጠሩበት ዓመት ራሱ ተሳስቷል። ይህ ጽሑፍ እንደዚሁ እንዲቀር አልፈለግንም። አርባቸው ዓርብ የካቲት 28 ነው፤ 22 ቀን ቀርቶናል። የቀድሞ ተማሪዎች ዘጠኝ ሆነን ኮሚቴ አቋቁመናል፤ እህታቸውም ፈቅደውልናል።

የምንጠይቀው ይህን ነው። የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ምን ይግባ፣ ምን ያህል ይርዘም፣ ዘመናቱስ ከየት ይጣሩ? በቤተ ክርስቲያን በኩል ምን ማሟላት አለብን? ትምህርት ቤቱም የመታሰቢያ ሰዓት ሊሰጠን ፈቅዷል፤ እዚያስ ምን ይደረጋል? በገንዘቡ ጉዳይ ደግሞ ለሁለት ተከፍለናል። ግማሹ ድንኳን ተጥሎ ሰው ይብላ ይላል፤ ግማሹ ለተማሪዎች ይዋል ይላል። የምታውቁ አስረዱን።


የእድር ጸሐፊ

ነፍስ ይማር። ስለ ጽሑፉ ብቻ ልበል፤ ሌላውን የሚያውቁት ይመልሱ።

መጀመሪያ ሁለት ጽሑፍ እንደሚያስፈልጋችሁ ዕወቁ። አንዱ የሚነበብ፣ ሌላው የሚታተም ነው። ብዙ ኮሚቴ አንዱን ለሁለቱም ሊያውል ይሞክርና ሁለቱም ይበላሻሉ። አማርኛ ረጋ ተብሎ ሲነበብ በደቂቃ ከ90 እስከ 100 ቃል ይሄዳል። ቆሞ የሚሰማ ሕዝብ ከስድስት ደቂቃ በላይ አይታገሥም፤ ስለዚህ የሚነበበው ከ550 ቃል አይለፍ። የሚታተመው ግን ሦስትና አራት እጥፍ ቢሆን ችግር የለውም።

የትውልዱ አንቀጽ የተለመደ ነው፤ «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት በእንዲህ ያለ ቦታ ተወለዱ» ብላችሁ በሦስት መስመር እለፉት። ሰው የሚሳሳተው ዘመን ላይ ነው። የመምህራን ማሠልጠኛ ምስክር ወረቀት፣ የቅጥር ደብዳቤ፣ የደረጃ ዕድገት ደብዳቤ አንዳንዱ በኛ፣ አንዳንዱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የተጻፈው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ ልዩነቱ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ነው። የቅጥር ደብዳቤያቸው መስከረም 1979 እ.ኤ.አ. የሚል ከሆነ ትክክለኛው 1972 ዓ.ም. ነው፤ በደፈናው ስምንት የቀነሰ ሰው 1971 ብሎ ይጽፋል። የናንተም ስህተት እንዲህ መጥቶ ይሆናል፤ ደብዳቤውን አውጥታችሁ እዩት።

ዘመኑን ከሦስት ቦታ አጣሩ። አንደኛው እህታቸው ቤት ያለው የጡረታ ሰነድ ነው። ሁለተኛው የግል ማህደራቸው ሲሆን ትምህርት ቤቱ ወይም የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ዘንድ ይገኛል፤ ማህደር ለማንም አይሰጥም፣ እህታቸው ማመልከቻና መታወቂያ ይዘው ራሳቸው ይሂዱ። ሦስተኛው የደብሩ ሰበካ ጉባኤና የሰንበት ትምህርት ቤቱ መዝገብ ነው። በናንተ አካባቢ አንድ ጣጣ አለ፤ የአስተዳደር ወሰኑ ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። በደርግ ጊዜ ከፍተኛና ቀበሌ የነበረው ዛሬ ክፍለ ከተማና ወረዳ ነው፤ ለሚ ኩራም ከየካና ከቦሌ ተቆርሶ የወጣ ነው፤ ትንሽ ወጣ ስትሉ ለገጣፎ ደግሞ አሁን በሸገር ከተማ ሥር ነው። ስለዚህ «ማህደሩ እዚህ የለም» ሲሏችሁ ጠፋ ማለት ላይሆን ይችላል፤ በዚያ ዓመት ትምህርት ቤቱ በማን ሥር እንደነበር ጠይቃችሁ ሂዱ።

የተቋማትን ስም በጊዜው በነበረው ስም ጻፉ። በክረምት ኮተቤ ተምረው ዲፕሎማ ይዘው ከሆነ ያኔ ኮሌጅ ነበር፤ በኋላ ኮተቤ ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲ፣ አሁን ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በዚያ ዘመን ስም ጽፋችሁ «የአሁኑ» ብላችሁ አክሉበት።

አንድ ዘመን አትዝለሉ። በ1972 የተቀጠረ መምህር የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ሐምሌ 1971 ከተጀመረ በኋላ ነው ወደ ሥራ የገባው። ያን ጊዜ ቀን ሕፃናትን ያስተማረ መምህር ማታ ጎልማሶችን ፊደል ማስቆጠሩ የተለመደ ነበር። ዘመቻው ወደ 15 ቋንቋ እስኪደርስ ሰፍቷል። መምህርታችሁ ተሳትፈው እንደሆነ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጠይቁ፤ ከሳቸው ፊደል የቆጠረች ባልቴት ዛሬም እዚያ ካራ ልትገኝ ትችላለች። የሷ አንድ ዓረፍተ ነገር ከኮሚቴው አንድ ገጽ ይበልጣል።

ቅጽሎቹን ሁሉ ሰርዙ። «ሩኅሩኅ» የሚለው ቦታ ላይ ማንን፣ መቼ፣ በምን እንደረዱ ጻፉ። ያ ከሌላችሁ ቦታው ባዶ ይቅር።


ሰሞነኛ

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን።

ዛሬውኑ የምትጨርሱት አንድ ነገር አለ፤ የክርስትና ስማቸውን አግኙ። በጸሎተ ፍትሐትና በቅዳሴ የሚጠራው እሱ ነው። የመዝገብ ስም ይዞ መጥቶ «ወለተ ማን?» ሲባል የሚደናገር ቤተሰብ ብዙ ነው። እህታቸው ካላስታወሱ የንስሐ አባታቸው ያውቃሉ፤ እሳቸውም ከሌሉ የክርስትና እናታቸው ቤተሰብ ወይም የጽዋ ማኅበራቸው አባላት ያውቁታል። በወረቀት ላይ በጉልህ ጻፉና ለቄሰ ገበዙ ስጡ።

ቆጠራችሁ ትክክል ነው። ጥር 19ን አንድ ብላችሁ ስትቆጥሩ ጥር 30 ላይ 12 ይሞላል፣ የካቲት 28 አርባ ይሆናል። ነገር ግን በዚህ በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የሚገባው የካቲት 17 ነው፤ አርባቸው በጾሙ ውስጥ፣ ያውም ዓርብ ቀን ዋለ ማለት ነው። በዐቢይ ጾም ከሰኞ እስከ ዓርብ ቅዳሴው የሚገባው እኩለ ቀን ላይ ሲሆን የሚወጣው 9 ሰዓት አካባቢ ነው። ስለዚህ «ጠዋት 3 ሰዓት ተገኙ» ብላችሁ ጥሪ ካሰራጫችሁ ሕዝቡ ስድስት ሰዓት ሙሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል። ጥሪው 6 ሰዓት ይበል። ከቅዳሴው በፊት ምንም ምግብ አይቀርብም። ሩቅ ያለ ሰው እንዲመጣ ከፈለጋችሁ ፍትሐቱንና ቅዳሴውን በዕለቱ ዓርብ አድርጉ፤ የሕይወት ታሪኩን ንባብና ጉባኤውን እሑድ የካቲት 30 ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ አድርጉት። ጸሎቱን ከቀኑ አታዛውሩ፤ ጉባኤው ቢዛወር ግን ምንም አይደለም።

ለቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት። ከከተማ ዳር ባሉ ደብሮች በሥራ ቀን ዲያቆን ሊያንስ ይችላል፤ ብዙዎቹ ተማሪዎች ናቸው፣ ዓርብ ደግሞ ትምህርት አለ። ከሁለት ሳምንት በፊት ለደብሩ ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። ይዛችሁ የምትሄዱት ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ ነው። ዘቢቡን በዋዜማው አስረክቡ፤ በሰዓቱ ቢመጣ አይሆንም፣ ተዘፍዝፎ መጭመቅ አለበት።

አሁን ማንም ሳያስበው የሚያመልጠውን ልንገራችሁ። ሰማንያኛ ቀናቸው ሚያዝያ 8 ነው። በ2017 ትንሣኤ ሚያዝያ 12 ስለሆነ ሚያዝያ 8 የሰሙነ ሕማማት ረቡዕ ናት። በሰሙነ ሕማማት ጸሎተ ፍትሐት አይደረግም፤ በዚያ ሳምንት ለሚያርፉ ሁሉ ፍትሐቱ አስቀድሞ በሆሳዕና ዕለት ይደረጋል። ስለዚህ የሰማንያውን ነገር ከንስሐ አባታቸው ጋር አሁኑኑ ተነጋገሩ፤ ከሆሳዕና፣ ማለትም ከሚያዝያ 5 በፊት እንዲሆን ጠይቁ። መንፈቃቸው ደግሞ ሐምሌ 19፣ የቅዱስ ገብርኤል በዓል ላይ ይውላል። የገብርኤል ታቦት ባለበት ደብር ከሆነ ያን ቀን መድረሻ አይኖርም፤ ፍትሐቱ ገና በሌሊቱ እንዲሆን ተስማሙ።

ዳዊት የሚደግሙ አባቶች ወይም የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ካሉ፣ 150ውን መዝሙር ተከፋፍለው በዋዜማው ቢደግሙላቸው ደስ ይላል። እሳቸው ያስተማሯቸው ልጆች ቢሆኑ ደግሞ እንዴት ያለ ነገር ነው! አስር ልጅ ቢሆን ለእያንዳንዱ 15 መዝሙር ይደርሰዋል።


የካራ ልጆች

እግዚአብሔር ይስጥልን። የክርስትና ስማቸውን ከንስሐ አባታቸው አግኝተናል። የቅጥሩ ዘመንም እንደተባለው መስከረም 1972 ሆኖ ተገኘ።

አንድ ከባድ ነገር ገጥሞናል። ሰዎችን ስንጠይቅ እስካሁን አራት የቀድሞ ተማሪዎች ዩኒፎርም፣ ጫማና የደብተር ወጪያቸውን ለዓመታት የሸፈኑላቸው መምህርታችን እንደነበሩ ነገሩን። አንዱም ስለሌላው አያውቅም፤ እህታቸውም አያውቁም። ይህ ይጻፍ ወይስ በምስጢር የሠሩትን በምስጢር እንተወው?


ቀይ እስክርቢቶ

ይጻፍ፣ ግን ተረጂው አይታወቅ። ወንጌሉ ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ያለው ለሰጪው ነው፤ ሰጪዋ ቃላቸውን ጠብቀው ዐርፈዋል። አሁን መጠንቀቅ ያለባችሁ ለተቀባዮቹ ነው። ስም፣ ዓመት፣ ሰፈር፣ የወላጅ ሥራ፣ አንዱም አይግባ። «ቢያንስ አራት ተማሪዎች» በሉና አቁሙ። «በርካታ» አትበሉ፤ አራት ካላችሁ አራት ነው። አራቱም ፈቃዳቸውን ይስጡ፤ አንዱ እንኳ ቅር ካለው ሦስት በሉ።

የዛሬ ወጣት አንባቢ ግን ይህን ሲያነብ ክብደቱ አይታየውም፤ ስለዚህ አስረዱት። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ዩኒፎርም፣ ደብተርና ምገባ በከተማው አስተዳደር የሚቀርበው ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ነው። መምህርታችሁ ጡረታ የወጡት በ2011 ነው። ማለት በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ዩኒፎርም የወላጅ ዕዳ ነበር፤ ዩኒፎርም የሌለው ልጅ በሰልፍ ላይ ተለይቶ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። አንድ ዩኒፎርም አንድ ዓመት ትምህርት ነው። ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉት።

ስለ ክፍል ሥራቸውም እንዲሁ። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት ይዞ እንዲያስተምር ሆነ፤ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ደግሞ ተማሪ በተከታታይ ምዘና እየታየ እንዲያልፍ እንጂ እንዳይወድቅ ተደረገ። ይህ አሠራር የመምህሩን ኅሊና የሚፈትን ነበር። ፊደል ያልለየ ልጅ ዝም ብሎ አራተኛ ክፍል ሊደርስ ይችላል፤ መምህሩን ማንም አይጠይቀውም። ልጁን ከክፍል በኋላ አስቀርቶ ማስነበብ ደመወዝ የሌለው፣ ሱፐርቫይዘርም የማያየው ሥራ ነው። መምህርታችሁ አድርገውት እንደሆነ አጣሩ። የድሮ ሮስተርና የክፍል መዝገብ ካለ በዳር በኩል የተጻፉ ማስታወሻዎችን እዩ፤ ጥሩ መምህር በተማሪው ስም ትይዩ በእርሳስ ትንሽ ምልክት ያደርጋል፤ ማን ማንበብ እንዳልጀመረ፣ ማን ሰሌዳ እንደማይታየው። እምነታቸውን የምታገኙት እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው።

ወደ ትምህርት ቤቱ ፕሮግራም ልምጣ። እዚያ ጸሎትና መዝሙር አታስገቡ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲካሄድ ያዛል። ደግሞም ካስተማሯቸው ልጆች ሙስሊሞችም፣ የሌላ እምነት ተከታዮችም አሉ፤ እነሱም መምህርታቸውን ሳይሸማቀቁ ያስቡ። የትምህርት ቤቱ ሰዓት በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ 15 ደቂቃ ይበቃል፤ የአንድ ደቂቃ ኅሊና ጸሎት፣ የሕይወት ታሪኩ አጭሩ ቅጂ፣ ከዚያ የሚሰጠው ስጦታ። ከሙስሊም የቀድሞ ተማሪዎቻቸው አንዱ ቢያነበው ጥሩ ነው። ሕፃናት ከ15 ደቂቃው በላይ ፀሐይ ላይ አይቁሙ።

ስጦታውን በተመለከተ ደብተር አትግዙ፤ እየቀረበ ያለ ነገር ነው። ዩኒት ሊደሩንና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋን ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል የሚሆን፣ ፊደሉ ትልልቅ የሆነ የማንበቢያ መጽሐፍ ነው። አንድ ዓይነት 40 ኮፒ ከመግዛት ስምንት ዓይነት አምስት አምስት ኮፒ ይሻላል፤ አምስት ሆነው በቡድን ያነባሉ። መደርደሪያው የሕፃን ቁመት ይሁን፣ ከ1 ሜትር ከ20 አይለፍ። የዓይን ምርመራ ማመቻቸትም ትልቅ ነገር ነው፤ «ሰነፍ» ከሚባሉት ውስጥ ሰሌዳ የማይታያቸው አይጠፉም። ንብረቱን በሞዴል (በመንግሥት የንብረት መረከቢያ ቅጽ) ገቢ አስደርጋችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ያለዚያ በሁለት ዓመት ውስጥ የት እንደገባ የሚያውቅ አይኖርም።


ባልትና

ቀይ እስክርቢቶ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ ግን ተዝካሩን ጨርሶ አትተዉት። ድንኳንና ሥጋው ይቅር፣ ነዳያንን ማብላት ግን የቆየ ሥርዓት ነው፤ እሳቸውም ቢኖሩ ይህን የሚጠሉ አይመስለኝም። ለ100 ሰው በጾም ምግብ ብዙ ወጪ የለውም።

እንጀራ ለሰው ሁለት ብላችሁ 200፤ ከ1 ኪሎ የጤፍ ዱቄት አምስት ያህል ስለሚወጣ 40 ኪሎ ጤፍ ነው። ሽሮ 5 ኪሎ፣ ምስር 5 ኪሎ፣ ጎመን በላዩ። ድፎ ዳቦ የ3 ኪሎ ዱቄቱ 25 ቁራሽ ይወጣዋል፤ አራት ድፎ ይበቃል። ንፍሮ ስንዴ 6 ኪሎ፣ ሽንብራ 3 ኪሎ። ሽንብራው ከማታው ጀምሮ ይዘፍዘፍ፤ መጀመሪያ ብቻውን ይጣድ፣ ግማሽ ሲበስል የተፈተገው ስንዴ ይጨመርበት። አብረው ከተጣዱ ስንዴው ሲፈርስ ሽንብራው ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ጨው መጨረሻ ላይ።

ቅዳሴው የሚወጣው 9 ሰዓት ስለሆነ ወጡን ጠዋት ሠርታችሁ በድስት አታስቀምጡት፤ ሽሮ ይደርቃል፣ ምስር በሙቀት ይቦካል። ሽንኩርቱና ቁሌቱ ጠዋት ይዘጋጅ፣ ሽሮው 7 ሰዓት ተኩል ላይ ይግባ። ለመቶ ሰው ሁለት ትልልቅ ብረት ድስት ይበቃል፤ እድሩ ዘንድ አለ፣ ከሳምንት በፊት አስመዝግቡ። ዘይት እንጂ ቅቤ እንዳይገባ ለሚያግዙት ሁሉ ተናገሩ፤ የቅቤ ማንኪያ የነካው ድስት አይምጣ።


ገጽ አቀናባሪ

ስለ ሕትመቱ። የኤ4 ወረቀት ለሁለት ሲታጠፍ አራት ገጽ ይሆናል፤ ስለዚህ የገጽ ብዛታችሁ በአራት የሚካፈል ይሁን። ለናንተ 16 ገጽ ከሽፋን ውጪ ይበቃል፤ አራት ወረቀት ነው። 200 ኮፒ ከሆነ 800 ወረቀት፤ የሚበላሽ ስላለ ሁለት ሪም ግዙ። ውስጡ 80 ግራም፣ ሽፋኑ 200 ግራም። ፊደሉ 13 ይሁን፣ አንባቢያችሁ ውስጥ ሽማግሌዎች አሉ።

ፋይሉን በፓወር ግዕዝ (ዩኒኮድ ባልሆነ የቆየ የአማርኛ መጻፊያ) ጽፎ በወርድ ብቻ መላክ የተለመደ ጥፋት ነው። ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ፊደሉ ከሌለ ገጹ ሁሉ የላቲን ፊደልና ምልክት ቅልቅል ሆኖ ይከፈታል፤ ሠራተኛው ደግሞ በግምት ያስተካክለውና ስም ይበላሻል። በዩኒኮድ ጻፉ፤ ፒዲኤፍና ወርዱን አብራችሁ ላኩ።

ፎቶ ስትሰበስቡ ሰው በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲልከው ጥራቱ ይወርዳል፤ «እንደ ፋይል ላኩ» በሏቸው። የድሮውን የክፍል ፎቶ በ600 ዲፒአይ ስካን አድርጉ። ስካነር ካልተገኘ ከመስታወቱ አውጥታችሁ በመስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩን ትይዩ ይዛችሁ አንሱ። አልበም ላይ የተጣበቀ ፎቶ በግድ አትላጡ፤ ከነገጹ አንሱት። በፎቶው ላይ ያሉትን ሁሉ ስም ከግራ ወደ ቀኝ አሁኑኑ ጻፉ፤ የዛሬ አስር ዓመት የሚያውቃቸው አይገኝም። የሕፃናት ፎቶ ከሆነ፣ የአሁን ተማሪዎች ከሆኑ በተለይ፣ ወላጅ ይፍቀድ።

የሐውልት ጽሑፍም ያላችሁ ይመስለኛል፤ እብነ በረዱ ላይ ከመቀረጹ በፊት በትክክለኛ መጠኑ በወረቀት ታትሞ ሁለት የማያውቋቸው ሰዎች ያንብቡት። የሚያውቃቸው ሰው ስህተቱን ዐይኑ ዘልሎት ያልፋል።


የካራ ልጆች

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልን። ገንዘቡን ተስማምተናል፤ ነዳያንን በባልትና ልክ እናበላለን፣ የቀረው ለማንበቢያ መጽሐፍና ለመደርደሪያ ይሆናል። ፍትሐቱ ዓርብ፣ ጉባኤው እሑድ ነው። ከሚነበበው ጽሑፍ የመካከሉን ክፍል እናስነብባችሁ፤ ሁሉንም ቢያንስ ከሁለት ሰው አጣርተናል።

«የክፍላቸው በር ላይ የወተት ዱቄት ጣሳ ነበረ። እያለቀ ለመያዝ የሚያስቸግረውን የጠመኔ ቁራጭ ሁሉ እዚያ ያጠራቅሙ ነበር። ማንበብ ያልጀመሩ ልጆች ከፈረቃው በኋላ 20 ደቂቃ ይቆያሉ። ከጣሳው ጠመኔ እየወሰዱ የበረንዳው ሲሚንቶ ላይ ፊደል ይጽፋሉ፤ እሳቸው ጎንበስ ብለው እያንዳንዱን ፊደል በጣት ያስነኩ ነበር። በ2006 የክፍል መዝገብ ላይ በሰባት ተማሪዎች ስም ትይዩ በእርሳስ የተጻፈ ‹በ› ይታያል፤ በረንዳ ማለት ነው። በሰኔ ከሰባቱ አምስቱ ላይ ‹በ›ው ተሰርዟል። ጠዋት ተማሪ ሳይገባ ወንበራቸው አጠገብ ቆመው የውስጥ ፀሎት ያደርሱ ነበር፤ ልጆቹ ሲገቡ ያቆማሉ። በክፍላቸው ስለ ሃይማኖታቸው ሲናገሩ የሰማ ተማሪ አላገኘንም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በደብሩ አዳራሽ ሕፃናትን ውዳሴ ማርያም ሲያስጠኑም ያው ጣሳ አብሯቸው ይመጣ ነበር።»


የእድር ጸሐፊ

ይህ ጥሩ ነው፤ እንዳትነኩት። ሁለቱ «በ» ያልተሰረዘላቸውም ይጻፉ፤ ተደብቀው ከቀሩ ጽሑፉ እውነት መሆኑ ያጠራጥራል። በቀጣዩ ዓመት ምን እንደሆኑ መዝገቡን እዩ።


ቀይ እስክርቢቶ

«ፀሎት» ያላችሁት በጸሎቱ ጸ «ጸሎት» ይሁን፤ ፀሐዩ ፀ እዚህ አይገባም። «ዐረፉ» በዓይኑ ዐ፣ «ሥራ» በንጉሡ ሠ፣ «ሕይወት» በሐመሩ ሐ መሆኑንም እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ አጣሩ። የአማርኛ ደብተር ሲያርሙ የኖሩ ሰው ናቸው።